ፍተሻው የሚጻፍበት ቀን

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ሌሎች ከተሞች ሸገር በተባለ አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ የአደባባዩ ክርክር በወሰንና በይዞታ ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ ከዚያው ጎን ድምፅ ያልነበረው ሌላ ጥቅለላ ተጀምሯል፤ እርሱም የመዝገብ ጥቅለላ ነው። እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ መዝገብ ቤት፣ በየራሱ የፋይል አቆጣጠርና በየራሱ የአጻጻፍ ልማድ ይዟቸው የኖረው የይዞታ ማረጋገጫዎች፣ የሊዝ ውሎች፣ የግብር ደረሰኞችና የነዋሪነት መታወቂያዎች፣ ከተሞቹ አንድ ከሆኑ በኋላ በአንድ ላይ ሊፈለጉ፣ ሊነበቡና ሊነጻጸሩ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂና ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ በመላ አገሪቱ ከወረቀት ወደ ሶፍትዌር ገፍተውታል። ሶፍትዌሩን ማን ይሥራው፣ ስንት ያስወጣል የሚሉት ጥያቄዎች በየስብሰባው ይነሣሉ፤ በትክክል መሥራቱ የሚፈተሸው መቼ ነው የሚለው ግን፣ ውጤቱን ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም አይነሣም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው አካሄድ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ቢጋር፣ ማለትም የሥራውን ዓላማና ወሰን የሚገልጽ ሰነድ፣ ይዘጋጃል፤ ጨረታ ይወጣል፤ አሸናፊው ድርጅት ለወራት ይሠራል፤ በመጨረሻም የርክክብ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሥርዓቱ በስክሪን ላይ ሲታይ ይመለከትና ይፈርማል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ፍተሻ ቦታ ቢኖረው ከመጨረሻው ቀለበት አጠገብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋና ክፍያው ከዚያ በፊት መፈጸም ስላለበት፣ ቀደም ባሉት ደረጃዎች የባከነው ጊዜ ሁሉ የሚካካሰው ከፍተሻው ተቀንሶ ነው። ኮሚቴው የሚያየው ሠሪው መርጦ ያዘጋጀውን ምሳሌ፣ በሠሪው እጅ፣ ለሠሪው በሚመች ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ፊርማው የሚያረጋግጠው ሥርዓቱ አንድ ጊዜ መሥራቱን እንጂ ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ መብቃቱን አይደለም።

በሶፍትዌር ምህንድስና የቪ ሞዴል በመባል የሚታወቀው አሠራር የሚነሣው ከዚሁ ችግር ነው። ስሙን ያገኘው ሥዕሉ በላቲን ፊደል ቪ ቅርጽ ስለሚሣል ሲሆን፣ የግራው ክንድ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የተጠቃሚው ፍላጎት፣ የአጠቃላይ ሥርዓቱ ንድፍ፣ የክፍሎቹ አወቃቀርና የእያንዳንዱ ክፍል ዝርዝር ንድፍ በተራ ይቀመጣሉ፤ ታች ጫፉ ላይ ኮድ መጻፍ ይገኛል፤ የቀኙ ክንድ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ለእያንዳንዱ የግራ ደረጃ አቻ የሆነ ፍተሻ ይቀመጥለታል። አንዲትን የኮድ ክፍል ለብቻዋ የሚፈትሸው የነጠላ ክፍል ፍተሻ ከዝርዝር ንድፉ ጋር፣ ክፍሎቹ ሲጋጠሙ መግባባታቸውን የሚመለከተው የውሕደት ፍተሻ ከአወቃቀሩ ጋር፣ ተሟልቶ የቆመውን ሥርዓት የሚመረምረው የሥርዓት ፍተሻ ከአጠቃላይ ንድፉ ጋር ይጣመራል፤ ከላይ ጫፍና ጫፍ ደግሞ የተጠቃሚው ፍላጎትና የርክክብ ፍተሻ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ሐሳቡ በአንድ ሰው እጅ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የሶፍትዌር ሥራን ደረጃ በደረጃ የሚያወርደውን ሥዕል ያቀረበው አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ፣ ፍተሻን እስከ መጨረሻው የሚያቆይ አካሄድ ለውድቀት የተጋለጠ መሆኑን በዚያው ጽሑፉ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሥዕሉ በዓለም ሲዞር ማስጠንቀቂያው ግን ተረሳ። ባሪ ቦኤም እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት ጥያቄዎችን ለየ፤ አንደኛው የተሠራው ነገር ከተጻፈው ንድፍ ጋር ይስማማል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተሠራው ነገር ከመነሻው ሊሠራ የሚገባው ነበር ወይ የሚል ነው። ጥንዶቹን ደረጃዎች በቪ ቅርጽ የሚያሳየው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብሪታንያዊው ፖል ሩክ ጽሑፍ የታየ ሲሆን፣ በጀርመን ደግሞ መንግሥት ለሚያሠራቸው ሥርዓቶች መመሪያ እስከመሆን ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታድሷል። በባቡር ሥራም የአውሮፓ ደረጃዎች የአንድን ሥርዓት ዕድሜ ከሐሳቡ እስከ አገልግሎቱ የሚያሳዩት በዚሁ ቅርጽ ነው፤ የባቡር ምልክት ስሕተት እንዳለበት ለማወቅ ሁለት ባቡሮች እስኪጋጩ መጠበቅ ስለማይቻል ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻ የሆነችው ሰበታ፣ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመገመት የራቀች ከተማ አይደለችም።

ሥዕሉ ግን አንድ የተለመደ አለመግባባት ያስከትላል። የቀኙ ክንድ ከግራው ቀጥሎ የተሣለ በመሆኑ፣ ብዙ አንባቢ ፍተሻው የሚጀምረው ኮዱ ካለቀ በኋላ ነው ብሎ ይረዳዋል፤ እንዲህ ከሆነማ ከአሮጌው አካሄድ የሚለየው ነገር ባልኖረ ነበር። የሞዴሉ ፍሬ ነገር ፍተሻውን በመጻፍና ፍተሻውን በማካሄድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፍተሻው የሚካሄደው ሥርዓቱ ሲኖር ነው፤ የሚጻፈው ግን ፍላጎቱ በተጻፈበት ቀን፣ ፍላጎቱን በተናገረው ሰው ፊት ነው። በሰበታም ሆነ በቡራዩ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ፌሮውን የሚቆጥረው አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ሲሆን፣ ስንት ፌሮ መቁጠር እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት በተፈረመው ንድፍ ነው። አርማታው ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው።

ቦኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በታላላቅ ፕሮጀክቶች በፍላጎት ደረጃ የተፈጠረ ስሕተት ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሲታረም ወጪው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቶ ነበር፤ በትንንሽ ሥራዎች ልዩነቱ እጅግ ያነሰ መሆኑንም አልሸሸገም። ይህ ቁጥር በየመማሪያ መጽሐፉ ቢደጋገምም፣ ለእነዚህ ከተሞች ከገንዘቡ የሚብሰው ምክንያት ሌላ ነው፤ እርሱም ዕውቀቱን የያዘው ሰው ጉዳይ ነው። የቀድሞው የሱሉልታ ማዘጋጃ ቤት ፋይሎች በምን ሥርዓት እንደተቆጠሩ፣ የትኛው ማኅተም የትኛውን እንደሚሽር፣ የተቀደደው ገጽ በየትኛው መዝገብ እንደሚካካስ የሚያውቀው ለዓመታት በመዝገብ ቤቱ የቆየው ሠራተኛ ነው። ከተማዋ ክፍለ ከተማ ስትሆን ሠራተኛው ይዛወራል ወይም ጡረታ ይወጣል፤ ፍተሻው ለርክክብ ቀን ከተተወ በዚያ ቀን ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አይኖርም።

ሁለት የአደባባይ ክስተቶች ነገሩን ከመጽሐፍ አውጥተው ያሳያሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ አወጣ፤ በቀናት ውስጥም ቁጠባቸውን ያላሟሉና ለዕጣው ብቁ ያልነበሩ ሰዎች መረጃ ወደ ሥርዓቱ መግባቱ ስለታወቀ ዕጣው ተሰርዞ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዕጣ የሚያወጣ ሶፍትዌር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው የዕጣውን ያለአድልዎ መውጣት ነው፤ ይህ ግን የአንድ ክፍል ፍተሻ ነው፤ ያ ክፍል እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ ሥርዓቱ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ችግሩ የተገኘው ለዕጣው ብቁ የሆኑት ሰዎች ዝርዝር ወደ ዕጣ ማውጫው በሚሻገርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። የዚህ መጋጠሚያ ፍተሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጻፍ ነው፦ ቁጠባው ከሚቀመጥበት ባንክ የመጣው የብቁ ቆጣቢዎች ዝርዝርና በዕጣ ማውጫው ውስጥ ያለው ዝርዝር በቁጥርም በስምም አንድ መሆናቸው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ በሦስተኛ ወገን ፊት ይረጋገጥ። እንዲህ ያለው ፍተሻ ልዩነቱ በስሕተት ይምጣ በተንኮል ሳይለይ ይይዘዋል፤ ሊጻፍ የሚችለውም ማን ሊያሸንፍ እንደሚችል ከመታወቁ በፊት፣ ማንም የሚጠቀምበትም የሚጎዳበትም ሰው በሌለበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ክስተት መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። ለሰዓታት ያህል ደንበኞች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ የብሔራዊ ባንክ መግለጫም እክሉ የተከሰተው በሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን አስታወቀ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበርና ከዚህም ወደ 623 ሚሊዮን የሚጠጋው በቀናት ውስጥ መመለሱን የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ተናግረዋል። ማንም ከቀሪ ሒሳቡ በላይ አያወጣም የሚለው ደንብ ባንክ ከመኖሩ ጋር እኩል የሚኖር ደንብ ስለሆነ፣ ፍላጎቱ አልታወቀም ነበር ሊባል አይችልም። ክስተቱ የሚያስተምረው ስለ ቪው ጭራ፣ ማለትም ስለ ጥገናው ዘመን ነው። ለአንድ ደረጃ የተጻፈ ፍተሻ አንድ ጊዜ ታልፎ የሚረሳ ሳይሆን፣ ሥርዓቱ በተነካ ቁጥር፣ የተነካው ክፍል ሩቅ ቢመስልም፣ እንደገና የሚሮጥ መሆን አለበት፤ ባለሙያዎቹ ይህን የዳግም ፍተሻ ይሉታል። በርክክብ ቀን በቃል የተደረገ ሙከራ ዳግም ሊሮጥ አይችልም፤ ተጽፎ የተቀመጠ ግን በየሌሊቱ በኮምፒውተር ሊደገም ይችላል።

ወደ ሦስቱ ከተሞች ሲመለሱ፣ በግራው ክንድ ጫፍ ላይ የሚጻፉት ፍላጎቶች ከውጭ በተገዛ ሶፍትዌር ውስጥ የማይገኙ፣ ከአገሩ ኑሮ ብቻ የሚወጡ መሆናቸው ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው ዘመን አቆጣጠር ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጥ የከተማ ቦታ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ ክፍያው በየዓመቱ የሚከፋፈል ስለሆነ ቀኑ ሲሳሳት ቅጣቱና ወለዱ አብሮ ይሳሳታል። ጳጉሜን በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ መስከረም 1 በአብዛኛው በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ይህን አብዛኛው ሶፍትዌር ሠሪ ያውቀዋል። እምብዛም የማይታሰበው ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 2100 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የሌላት መሆኗ ነው፤ በኢትዮጵያው አቆጣጠር እንዲህ ያለ ቅነሳ ስለሌለ፣ ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ ዐውደ ዓመት ከሴፕቴምበር 12 በፊት አይውልም። በ2016 ዓ.ም. የተፈረመ የ99 ዓመት ሊዝ የሚያበቃው በ2115 ዓ.ም. በመሆኑ፣ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ውል ያንን ድንበር ይሻገራል። የዛሬውን ልዩነት እንደ ቋሚ ቁጥር ይዞ የተጻፈ ኮድ በርክክብ ቀን በሚቀርበው ምሳሌ ላይ ምንም ስሕተት አያሳይም፤ የውሉን ማብቂያ ቀን ሲያሰላ ግን አንድ ቀን ያዛንፋል። ሊዝ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቀው የመሬት አስተዳደር ባለሙያና ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው በፍላጎት ደረጃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ይህ ፍተሻ በሁለት መስመር ተጽፎ ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው ስምና ፊደል ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ የሚነበብ እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል መደብ ስለሌለው፣ በሌላ አገር የስም ቅጽ ላይ የተሠራ ሥርዓት የማይዛመዱ ሰዎችን በአያት ስም አንድ ቤተሰብ ያደርጋል፣ ባልና ሚስትን ደግሞ ባዕድ ያደርጋቸዋል፤ የጋራ ይዞታ በሚመዘገብበት ቢሮ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ፣ ውስጥ ቦታ በማግኘቱ ስሙን መጻፍ አስቸጋሪ መሆኑ ቀርቷል፤ መፈለግ ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉ ለጆሮ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተር አራት ሰዎች ናቸው፤ ጸሐይና ፀሀይም እንዲሁ። በዚህ ላይ የሸገር ከተማ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ አንድ ባለይዞታ በአሮጌው ፋይል በግዕዝ ፊደል፣ በአዲሱ በቁቤ፣ በባንክ ደብተሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ ተጽፎ ይገኛል። የሰበታ የራሷ ስም በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ድምፅና የሚረዝመው አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋሉ፤ በግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱም አይታዩም፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ፊደል በፊደል መለወጥ የማይቻል መሆኑ ገና በንድፍ ደረጃ መታወቅ አለበት። ሁዳ የተባለው፣ እንደ ጭረት ከላይ የሚቀመጠው የቁቤ ምልክት፣ ፍሬ ወይም ጥቅም በሚል ትርጉም በሚታወቀው «ቡኣ» ውስጥ እንዳለው የቃሉ አካል ነው፤ በብዙ ዳታቤዞች የመጠየቂያ ቋንቋ ግን ያው ምልክት የጽሑፍ መጨረሻ ማለት ስለሆነ፣ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ኮድ እንዲህ ያለ ስም ሲገባለት ይሰናከላል። በእንግሊዝኛ ምሳሌ ብቻ የሚፈትሽ ሠሪ ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

ሦስተኛው ቦታ ነው፤ ይህን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከውሕደቱ በኋላ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ስማቸውን እንደያዙ ክፍለ ከተሞች ሲሆኑ፣ እንደ ፉሪ፣ ገፈርሳ ጉጄና መልካ ኖኖ ያሉ ሌሎች ክፍለ ከተሞችም ተዋቅረዋል፤ ስለዚህ ቡራዩ የሚለው ቃል ከ2015 ዓ.ም. በፊት በተጻፈ ሰነድ ላይ ከተማ፣ ከዚያ በኋላ በተጻፈው ላይ ክፍለ ከተማ ማለት ነው፤ ስፋቱም አንድ እንደሆነ አስቀድሞ ሊታሰብ አይገባም። አድራሻን ያለ ዘመን የሚመዘግብ ሥርዓት ሁለቱን ያደባልቃል።

በቪ ሞዴል ላይ የሚነሣው ዋና ነቀፋ ግትር ነው የሚል ሲሆን፣ የሸገር ምሥረታ ራሱ ለዚህ ነቀፋ ጠንካራ ምስክር ይመስላል፤ ለአንዲት ከተማ ታስቦ የተጀመረ ሥርዓት ሳያልቅ ከተማዋ ክፍለ ከተማ ልትሆን ትችላለችና፣ ፍላጎትን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ መጨረስ ከንቱ ድካም ነው ይባላል። ነቀፋው እውነት አለው፤ የሚመታው ግን የሞዴሉን መጠን እንጂ ጥምረቱን አይደለም። ሥራን በሁለትና በሦስት ሳምንት ዙር ከፋፍሎ የሚያስኬደው አጃይል የተባለው አሠራር፣ በተለይም ኬንት ቤክ ያስፋፋው ፍተሻን ከኮዱ አስቀድሞ የመጻፍ ልማድ፣ ያንኑ ጥምረት በትንንሽ ቪዎች ይደጋግመዋል፤ ትልቁ ሥዕል ይቀራል፤ ፍላጎትና ፍተሻ አብረው መወለዳቸው ግን ይብሱን ይጠብቃል። እንዲያውም ፍላጎት በተለዋወጠ ቁጥር ቀድሞ የተጻፈው ፍተሻ የትኛው አሮጌ ደንብ እንደተነካ ስለሚናገር፣ ለውጥ በበዛበት አስተዳደር ጥቅሙ ይጨምራል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ለውጥ የሚጀምረው ከቢጋሩ ነው። ቢጋር ዛሬ በአብዛኛው ሥርዓቱ ምን ምን እንደሚያደርግ ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱ ዝርዝር ከአጠገቡ በምን እንደሚፈተሽ፣ በየትኛው እውነተኛ ፋይል፣ በማን ፊት የሚል አምድ ቢኖረው ግን ክፍያውም በዚያው ሊታሰር ይችል ነበር። አምዱን የሚሞላው ኮድ የሚጽፈው ድርጅት መሆን የለበትም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ የሊዝ ሒሳብ ያዡ፣ ባለጉዳዩም ድርሻ አላቸው። ሰበታ ለዓመታት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ መኖሪያ ሆና መቆየቷ እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል፤ በዚያች ከተማ የሚተከል የሕዝብ አገልግሎት ሥርዓት ስክሪን በሚያነብ ሶፍትዌር፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በማያዩ ተገልጋዮች እጅ መፈተሹ በርክክብ ዝርዝሩ ላይ የሚገባው ሥርዓቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

እነዚህ ፍተሻዎች ከተጻፉ የመጀመሪያው መሮጫ ቀናቸው ሩቅ አይደለም። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ በዚያ ዕለት በየክፍለ ከተማው የሚመዘገብ ልደት፣ የሚፈረም ውልና የሚከፈል ግብር ሁሉ በየኮምፒውተሩ ላይ ወይ ጳጉሜን 6 ተብሎ ይቀመጣል፣ ወይ በስሕተት መስከረም 1 ቀን 2020 ይባላል።